ሻጋታን በጉጉት የሚጠብቁ ሰዎች፦ ከቦርዶ እስከ ሻቶ ኢኬም

ሐሙስ፣ ቦርዶ

ከፓሪስ ሞንፓርናስ የተነሳው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ወስዶ ቦርዶ አደረሰኝ። ወሩ በፈረንጆች ኦክቶበር፣ በእኛ ጥቅምት ነው። ወቅቱን የመረጥኩት አስቤበት ነው። በዚህ ሰሞን አብዛኞቹ የቦርዶ ቀይ ወይን ሠሪዎች ፍሬያቸውን ሰብስበው ጨርሰዋል። እኔ በምሄድበት፣ ጣፋጭ ነጭ ወይን በሚሠራበት በሶተርን ግን ለቀማው ገና መድመቁ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቦርዶ ለኛ ሰው ባዕድ ከተማ አይደለችም። በ1998 ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን የገዛው፣ በኋላም ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ»ን ያስጀመረልን ካስቴል የዚህች ከተማ ኩባንያ ነው። አዲስ አበባ ሬስቶራንት ውስጥ ወይን ያዘዘ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው ከቦርዶ ጋር ተዋውቋል ማለት ይቻላል።

ከሰዓት በኋላ በጋሮን ወንዝ ዳር በእግሬ ተጓዝኩ። ቢጫ የድንጋይ ሕንጻዎቹ ከወንዙ ጋር አብረው ጎበጥ ብለው ተደርድረዋል። ቱሪስቱ ሁሉ የሚሰበሰበው ፕላስ ደ ላ ቡርስ ፊት ለፊት፣ መሬት ላይ በስሱ የተነጠፈው «የውሃ መስታወት» ዘንድ ነው። ያምራል። እኔን ያስቆመኝ ግን እዚያው ወንዙ ዳር የቆመች የአንዲት ሴት የነሐስ ሐውልት ነች። ስሟ ሞደስት ቴስታስ ይባላል። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አል ፑኤሲ ነበር። በ1765 ገደማ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኢትዮጵያ እንደተወለደች ነው የሚነገረው። በልጅነቷ ተማረከች፤ ተሸጠች። የገዟት ቴስታስ የሚባሉ ወንድማማች የቦርዶ ነጋዴዎች ናቸው። ያኔ ሳን ዶሚንግ ይባል ወደነበረው ወደ ዛሬው ሃይቲ፣ ወደ ሸንኮራ አገዳ እርሻቸው ወሰዷት። ነጻ የወጣችው በ1795 ነው። ያረፈችው ደግሞ በ1870፣ ከመቶ ዓመት በላይ ኖራ። የልጅ ልጇ ፍራንሷ ዴኒ ሌጂቲም የሃይቲ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ሐውልቱ የቆመላት በ2019 ነው።

ቦርዶ የምትሄዱ ሁሉ እባካችሁ እዚህ ሳትቆሙ አትለፉ። እነዚህ ያማሩ ሕንጻዎች በወይን ገንዘብ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ስኳሩም አለበት፤ ሰው የተሸጠበት ገንዘብም አለበት። የነገውን ጉዞዬን ከዚህ ለይቼ ማየት አልቻልኩም፤ ማየትም ያለብኝ አይመስለኝም።

ዓርብ፣ ሶተርን

በጠዋቱ ባቡር ወደ ላንጎን ወጣሁ። ከዚያ ታክሲ ያዝኩ። ሶተርን ከቦርዶ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከባቡሩ ስወርድ ፊት ለፊቴ ያለው መንገድ እንኳ አይታይም ነበር። ጭጋግ ነው። ሾፌሩ ግን ደስ ብሎታል። የአካባቢው ሰው እንዲህ ያለ ጠዋት ሲያይ ፊቱ ይፈታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሮን የምትባል ትንሽ ወንዝ አለች። ከላንድ ጫካ ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ስለምትመጣ ውሃዋ ቀዝቃዛ ነው። ጋሮን ደግሞ ሰፊና ለፀሐይ የተገለጠ ስለሆነ ሞቅ ይላል። በመከር ወራት ሁለቱ ሲገናኙ ጭጋግ ይነሳል፤ ማታ ጀምሮ እስከ ረፋድ ወይኑ ላይ ይተኛል። ከሰዓት ፀሐይ ወጥታ ታደርቀዋለች። በዚህ እርጥበት ላይ ቦትሪቲስ ሲኔሪያ የሚባል ሻጋታ ይበቅላል። ሌላ አገር ያለ ገበሬ ይህን ሻጋታ ሲያይ እንቅልፍ ያጣል። እዚህ ደግሞ እንቅልፍ የሚያጡት ሳይመጣ ሲቀር ነው። «ክቡር ሻጋታ» ነው የሚሉት።

ሻጋታው የፍሬውን ቆዳ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይበሳዋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ በቀዳዳዎቹ በኩል ቀን ቀን ይተናል። ፍሬው ይሟሽሻል። ስኳሩ፣ ኮምጣጣነቱ፣ ጣዕሙ ግን ውስጥ ይቀራል፤ እንዲያውም ይጠነክራል። ለቅዱስ ቁርባን ከዘቢብ ወይን በምታዘጋጅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ዘቢብን የሚያደርቀው ፀሐይ ብቻ ሲሆን፣ እዚህ ግን ሻጋታው ራሱ የፍሬውን ጣዕም ይለውጠዋል።

ችግሩ ይህ ሻጋታ ባለ ሁለት ፊት መሆኑ ነው። ጭጋጉን ተከትሎ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ከመጣ ክቡር ይሆናል። ዝናብ ከተከተለ ግን ያው ተራ ብስባሽ ነው፤ ፍሬው ወደ ሆምጣጤ ይሄዳል። አንድ ሳምንት ዝናብ የዓመቱን ድካም ሊበላው ይችላል።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ከመንደሩ ወጥቼ በወይኖቹ መሃል ባለው መንገድ ሄድኩ። ለቃሚዎች ነበሩ። መንገዱ ከመጀመሪያው ረድፍ ጋር ስለሚዋሰን ቆሜ አየኋቸው። ከፊቴ የነበረችው ሴት አንድ ዘለላ በግራ እጇ ከሥሩ ደገፍ አድርጋ አነሳች። በዚያ በአንድ ዘለላ ላይ አራት ዓይነት ፍሬ ነበረ፦ ገና ወርቅማ የሆነ፣ ቡናማ ነጠብጣብ የጀመረው፣ ሙሉ በሙሉ ወይን ጠጅ ቀለም የያዘ፣ ከዚያም ተጨማዶ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል። በትንሽዬ መቀሷ የመጨረሻዎቹን ብቻ መርጣ ቆረጠች። ሌላውን ለሌላ ቀን ተወችው። አንዱን ቁራጭ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችና መሬት ላይ ጣለችው። ሆምጣጤ ሆምጣጤ ከሸተተ አይገባም። ቅርጫቱ ውስጥ ለገባ ሳይሆን ለተጣለ የሚከፈላት ነበር የሚመስለው።

ለቃሚ ወደ አንዱ ረድፍ አንዴ ብቻ አይመጣም። ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል፤ ደግሞ ይመለሳል። አምስት ስድስት ዙር የተለመደ ነው። ማሽን ይህን ሊሠራ አይችልም። በእውነት እላለሁ፣ ስለ ፈረንሳይ ወይን ሲወራ ስለ መኳንንቱና ስለ ጠርሙሱ ብዙ ይወራል። ስለነዚህ እጆች ግን በቂ አልተባለም።

ማታ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ዳክዬ ሠርታ ጠበቀችኝ። ዓርብ ስለሆነ እንደማልበላ ነገርኳት። ምንም ሳይከፋት እንጉዳይና ድንች ጠብሳ አመጣች።

ቅዳሜ፣ ኢኬም

የሶተርን ዝነኛው የወይን ቤት፣ ሻቶ ኢኬም፣ ኮረብታ አናት ላይ ነው። ቁመቱ በእኛ አገር ሚዛን ኮረብታ የሚያሰኝ እንኳ አይደለም። ግን ዙሪያው ዝርግ ስለሆነ ከየትም ይታያል። ወፍራም ግንብ፣ ክብ ማማዎች፣ ከዚያ እስከ ታች ድረስ ወይን። ጉብኝት የሚፈቀደው አስቀድሞ ቀጠሮ ለያዘ ሰው ነው። ኪስ ይጎዳል፤ እኔ ግን አልቆጨኝም።

ታሪኩን ባጭሩ። በ1593 ዣክ ሶቫዥ የሚባል ሰው ቦታውን በርስት መብት ያዘ። ዘሮቹም በዚያው ቀጠሉ። በ1785 የቤተሰቡ ወራሽ ፍራንሷዝ ጆሴፊን ካውንት ሉዊ አሜዴ ደ ሉር ሳሉስን አገባች። ከሦስት ዓመት በኋላ ባሏ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ሃያ ዓመት ገደማ ላይ መበለት ሆነች። ወዲያው አብዮቱ መጣ። ታሰረች፤ ርስቷን ግን አላስነጠቀችም። በ1826 የወይን ማቆያ ጓዳ አሠራች፤ ያኔ እንዲህ ያለ ወጪ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። እስክትሞት እስከ 1851 ቤቱን በእጇ ይዛ መራች።

ዕድሜዋ ከሞደስት ቴስታስ ጋር ተቀራራቢ ነው። አንዷ ከቦርዶ ደጅ ግንብ ውስጥ ወይን ስታስተዳድር፣ ሌላዋን የቦርዶ ነጋዴዎች ባሕር አሻግረው በባርነት ይዘዋት ነበር። የኢኬሟን ሴት ጥንካሬ ማክበሬ አልቀረም። ግን ጉብኝቱ ላይ ስሟ በተጠራ ቁጥር የሁለቱም ዕጣ አብሮ ይመጣብኝ ነበር።

ደንበኞቹ ቀላል ሰዎች አልነበሩም። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን በ1787 ከፓሪስ ጽፎ የ1784ቱን ምርት 250 ጠርሙስ አዝዟል። በ1859 የሩሲያው ታላቅ መስፍን ኮንስታንቲን ለ1847ቱ ምርት፣ 900 ሊትር ለሚይዝ መጠን፣ 20,000 የወርቅ ፍራንክ ከፈለ። በመሃል ደግሞ የ1855ቱ ደረጃ አሰጣጥ አለ። ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ደላሎች ወይኖቹን በገበያ ዋጋቸው መደቧቸው። ከቀዮቹ ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ፣ ኦ ብሪዮን «አንደኛ ደረጃ» ተባሉ። ጣፋጭ ነጮቹ ለብቻቸው ተመደቡ፤ ከእነሱ በላይ ኢኬም ብቻውን «ላቅ ያለ አንደኛ ደረጃ» ተሰጠው። ያ ማዕረግ እስከ ዛሬ የማንም ሌላ አይደለም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንቡ የወታደሮች ሆስፒታል ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ፣ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ከተካሰሰ በኋላ፣ አብላጫው ድርሻ ኤልቪኤምኤች ወደሚባለው የቅንጦት ዕቃዎች ኩባንያ ገባ። 400 ዓመት የቆየ ቤት በአክሲዮን ሽያጭ ሲያልፍ ማየት ለእኔ ደስ የሚል ታሪክ አይደለም። ሥራው ግን እንዳልተበላሸ ራሴ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ርስቱ ከ100 ሄክታር ትንሽ ከፍ ይላል። የሚበዛው ሴሚዮን የሚባለው ዝርያ ነው፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ ሻጋታው ይወደዋል። የቀረው ሶቪኞ ብላን ነው፤ ሽታና ኮምጣጣነት ይሰጣል። ላይኛው አፈር ጠጠርና አሸዋ ነው፤ ሙቀት ይይዛል። ከሥሩ ያለው ሸክላ አፈር ደግሞ ውሃ ይይዛል። ውሃው እንዳይበዛ በ19ኛው መቶ ዘመን ከመሬት በታች 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቱቦ ቀብረውበታል። ማንም ጎብኚ የማያየው ሥራ ነው። ያለ እሱ ግን ይህ ኮረብታ ረግረግ ይሆን ነበር።

ለቀማው እንዳየሁት ነው። ፍሬው በዚያው ቀን ይጨመቃል፤ አያድርም። ጭመቃው አንዴ አይበቃውም። ሌላ ወይን ላይ የመጀመሪያው ጭማቂ ምርጡ ነው፤ እየደጋገምክ ስትጨምቅ ጥራቱ ይወርዳል። እዚህ ግን ቀጣዩ ጭመቃ ከፊተኛው ይበልጥ ጣፋጭ ነው። ምክንያቱም በጣም የተኮማተረው ፍሬ ስኳሩን ቶሎ አይለቅም።

ከዚያ ጭማቂው አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ይገባና ይፈላል። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ወደ አልኮል ቢለወጥ 20 በመቶ ይደርስ ነበር። አይለወጥም። አልኮሉ 14 በመቶ አካባቢ ሲደርስ እርሾው አቅም ያጣል፤ ይቆማል። በየሊትሩ ከ100 ግራም በላይ ስኳር ሳይፈላ ይቀራል። የወይኑ ጣፋጭነት ይኸው ነው፤ ከውጭ የተጨመረ አይደለም።

ጓዳው ውስጥ በርሜሎቹ በረድፍ ተኝተዋል። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው። ወይኑ በእንጨቱ በኩል ትንሽ ትንሽ ስለሚተን በየጊዜው ይሞላሉ፤ አምቡላው ከሥር ሲዘቅጥ ወይኑን ገልብጠው ወደ ንጹህ በርሜል ያሻግራሉ። ዓመታት ይቆያል። በየመሃሉ እያንዳንዱ በርሜል ይቀመሳል። ያልረካቸው ይወጣል፤ በኢኬም ስም አይታሸግም።

ኢኬምን ከልቤ ያከበርኩት እዚህ ላይ ነው። ያልረካቸው ነገር አንድ በርሜል ብቻ ላይሆን ይችላል። የዓመቱ ምርት በሙሉ ሊሆን ይችላል። በ20ኛው መቶ ዘመን ውስጥ በዘጠኝ ዓመታት ኢኬም የሚባል ወይን አልወጣም፦ 1910፣ 1915፣ 1930፣ 1951፣ 1952፣ 1964፣ 1972፣ 1974 እና 1992። በ2012ም ዝናቡ አበላሸውና ምንም ኢኬም እንደማይኖር አስታወቁ። አስቡት። ዓመቱን ሙሉ ተገርዟል፣ ተኮትኩቷል፣ ተለቅሟል። ደሞዝ ተከፍሏል። በገበያው ስሙ ብቻ ይሸጣል፤ ጣዕሙን ሳይሆን ስሙን የሚገዛ ሰው ሞልቷል። እነሱ ግን «ዘንድሮ የለም» አሉ። ትልቅ ካፒታል ስላላቸው ነው የሚቻላቸው የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት አለው። ግን 1951 እና 1952 በተከታታይ ባዶ ሲሆኑ ባለቤቱ ትልቅ ኩባንያ አልነበረም። አንድ ቤተሰብ ነበር።

ሂሳቡም ቢሆን የሚያስደንቅ ነው። ሌላ ቦታ አንድ የወይን ግንድ አንድ ጠርሙስ ያህል ይሰጣል። እዚህ አንድ ግንድ የሚሰጠው አንድ ብርጭቆ ነው። የሶተርን ሕግ በሄክታር እስከ 25 ሄክቶሊትር (2,500 ሊትር) ይፈቅዳል። ኢኬም አሥር እንኳ አይሞላም።

በመጨረሻ ቀመስን። ቀለሙ ወርቅ ነው፤ ብርጭቆውን ዘንበል ሳደርገው ጠርዙ ላይ ብሩህ ቢጫ ሆነ። ሽታው መጀመሪያ ኮክ፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቆየት ሲል ማርና ትንሽ ሳፍሮን። አፌ ውስጥ ሲገባ ማር የመሰለ ውፍረት ነበረው። ልክ «ከበደኝ» ልል ስል ግን ኮምጣጣው መጣና ሁሉንም ጠራርጎ አነሳው። ምላስ ላይ ጣፋጩ አልተጣበቀም። ከዋጥኩት በኋላ ብዙ ቆየ፤ ከጓዳው ወጥተን ግቢው ውስጥ ስንቆም እንኳ ጣዕሙ አልለቀቀኝም። ጣፋጭ ወይን የልጅ ነገር ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አንድ ጉንጭ ይህን ቢቀምስ ይበቃዋል። ጥሩ ዓመት ከሆነ መቶ ዓመት ቢቀመጥም አይሞትም፤ እያደር ቀለሙ ወደ አምበር፣ ከዚያም ወደ ሻይ ይጠቁራል። በ2011 የ1811 ምርት አንድ ጠርሙስ በ75,000 ፓውንድ ተሽጧል።

እሑድ፣ ባርሳክ

ጠዋት ወደ ባርሳክ ወረድኩ። ሶተርን የሚለውን ስም የሚጋሩት አምስት መንደሮች ናቸው፦ ሶተርን፣ ቦም፣ ፋርግ፣ ፕሬኛክ እና ባርሳክ። ባርሳክ ከሁሉም ዝቅ ያለና የኖራ ድንጋይ ያለበት ነው፤ ወይኑም ቀለል ይላል። መንገዱ ላይ ብዙ በሮች ተዘግተው ነበር፤ እሑድ ነው።

ምሳ ላይ ሮክፎር የሚባለውን ሰማያዊ አይብ ከአንድ ብርጭቆ የባርሳክ ወይን ጋር በላሁ። ጨውና ጣፋጩ ይስማማሉ። ግን እኔ ስበላ የማስበው በርበሬ ነበር። ይህን ወይን ቀዝቀዝ አድርጎ ከቀይ ወጥ ጋር ቢያቀርቡት የሚስማማ ይመስለኛል፤ ጣፋጩ ማቃጠሉን ይይዝለታል። አውሮፓ ያላችሁ ሞክሩትና ንገሩኝ።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን አለ። ጣፋጭ ወይን የሚጠጣ ሰው እየቀነሰ ነው። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ ቤቶች እየበዙ ደረቅ ነጭ ወይን ወደ መሥራት እየዞሩ ነው። ኢኬም ራሱ ከ1959 ጀምሮ «ኢግሬክ» የሚባል ደረቅ ወይን አለው፤ ግን ለእሱ ጎን ሥራ ነው። ትናንሾቹ ግን የሚኖሩት በሽያጭ ነው። አምስትና ስድስት ዙር ለቃሚ ከፍሎ፣ ከአንድ ግንድ ትንሽ አግኝቶ፣ ደንበኛ ከጠፋ ያ ሙያ ይቆማል። መቀስ ይዛ ፍሬ የምታሸተውን ሴት የሚተካ የለም።

ኢኬም በጠርሙስ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው፤ ማንንም ግዙ አልልም። ጎረቤቶቹን ግን መሞከር ይቻላል። ጊሮ፣ ስዱይሮ፣ ኩቴ፣ ሪዮሴክ፣ ሁሉም በ1855ቱ የጣፋጭ ወይን ምደባ አንደኛ ደረጃ ናቸው፤ ዋጋቸው ከኢኬም ጋር አይወዳደርም። ጊሮ ግቢው ውስጥ በአሮጌ የጸሎት ቤት የተከፈተ ምግብ ቤት ስላለው ቀን ለሚያሳልፍ ሰው ይመቻል። ስትገዙ 375 ሚሊ ሊትሩን ግማሽ ጠርሙስ ጠይቁ፤ ለአራት ሰው ይበቃል፤ ከተከፈተም በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ቀናት ይቆያል። ለመሄድ ካሰባችሁ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ባለው ሂዱ። ላንጎን ድረስ ባቡር አለ። ከዚያ ወዲያ ግን ትራንስፖርት ማግኘት ሊያስቸግር ስለሚችል፣ ታክሲውን ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ያዙ።